እምቢ ያለ መሳቢያ፦ መላጊያ ከማንሳታችሁ በፊት

ኮመዲኖውን ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ገዛሁት። ባለ 4 መሳቢያ ነው፤ ግንባሩ ዋንዛ፣ ጎንና ጎኑ ባህር ዛፍ። ሠሪው እያየሁት እያንዳንዱን መሳቢያ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ሽው ብሎ ገባ። ደስ አለኝ። በአይሱዙ አስጭኜ የሐረጎን ዳገት ወጣሁና ደሴ ቤቴ አስገባሁት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሁለተኛው መሳቢያ መንከስ ጀመረ። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው ጭራሽ አልከፈትም አለ። የልጄ የክትባት ካርድ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። በንዴት ስጎትተው እጀታው ከነቪቴው እጄ ላይ ቀረ። ከጎረቤት መላጊያ ተዋስኩና እንደምንም ካወጣሁት በኋላ የላይኛውን ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላግሁት። እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ለሁለት ወር ተኩራራሁ።

ታኅሣሥ ላይ መሳቢያው ውስጥ ሆኖ መንገጫገጭ ጀመረ። ከላዩ እስክሪብቶ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ግማሽ ድረስ ስስበው አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ነሐሴ ላይ የላግኸውን ታኅሣሥ ላይ ከየት ታመጣዋለህ?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የቤተሰብም የጎረቤትም መሳቢያ እኔ ጋ ይመጣል። ከሚመጣው ውስጥ መላጊያ የሚያስፈልገው በጣም ጥቂቱ ነው። ስለዚህ መላጊያውን ከዚህ ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ ነው የምታገኙት።

እንጨቱ ምን ሆኖ ነው?

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ሐረጎ ላይ ስትደርሱ ጃኬት ትደርባላችሁ። ክረምት ላይ ደሴ ጉሙ በመስኮት ይገባል፤ የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን ቆይቶም እርጥብ እርጥብ ይላል። ልብሱ ካልደረቀ ኮመዲኖውም እርጥበት እየሳበ ነው ማለት ነው።

እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል። የሚያብጠው ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው፣ ማለትም እንጨቱ ውስጥ በሚሄዱት ክሮች፣ ርዝመት ምንም አይለው፤ የሚሰፋው በወርዱ ነው። በግምት የእንጨቱ እርጥበት በ1 በመቶ ሲጨምር ወርዱ በሩብ በመቶ ያህል ይሰፋል። ከበጋ ወደ ክረምት እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢጨምር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አንዱ እንጨት ከሌላው ይለያያል፤ ባህር ዛፍ ከብዙዎቹ ይብሳል። በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራማ አይጣል ነው።

አሁን መሳቢያችሁን እዩት። የጎኑ ጣውላ የተጋደመ ነው። ስለዚህ የጣውላው ወርድ ማለት የመሳቢያው ቁመት ነው። የኮመዲኖው ጎን ግን ብዙ ጊዜ ቃጫው ወደ ላይ የቆመ ነው። ክረምት ሲገባ መሳቢያው ወደ ላይ ያድጋል፤ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ባለበት ይቀራል።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ግማሹን ምርመራ ትጨርስላችኋለች። መሳቢያው የሚይዘው ከላይና ከታች ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እርጥበትን ነው። ከግራና ከቀኝ ከያዘ ግን እርጥበቱን ተዉትና ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ኮመዲኖው ተንጋዷል፣ መጋጠሚያው ለቋል፣ ወይም ሐዲዱ ቦታውን ስቷል።

ሐዲድ የምለው መሳቢያው የሚንሸራተትበትን ከውስጥ ግራና ቀኝ የተመታውን ረጅም እንጨት ነው። አዳዲሶቹ ላይ የብረት ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ጭራሽ ካልተከፈተ

አትጎትቱ። እኔ እጀታ ነቅያለሁ፤ ግንባሩን ሙሉ ነቅሎ የቀረም ሰው አውቃለሁ።

መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፉት። የሚገርም ነው ግን ብዙ ጊዜ የነከሰው ቦታ የሚለቀው ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። ከዚያ በሁለት እጅ፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ሳቡ። በአንድ በኩል ብቻ ከሳባችሁት ሰያፍ ይሄድና ይብሱን ይቆለፋል። እጀታው መሃል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የሌላው እጃችሁን መዳፍ ከግንባሩ ሥር አስገብታችሁ በትንሹ ወደ ላይ ደግፉት።

ካልሆነ ከላዩ ያለውን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አውጡ። በዚያ ቀዳዳ እጃችሁን አስገብታችሁ ዕቃውን ዳብሱ። ከአስሩ ሦስት አራቱ ጊዜ ጥፋተኛው እንጨቱ ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ማበጠሪያ ወይም የተጠቀለለ ሹራብ ነው። የላይኛው ካልወጣ ቀጭን ማስመሪያ በክፍተቱ አስገብታችሁ ግራና ቀኝ አንሸራቱት። የሚጋጨው ነገር ይተኛል።

አሁንም እምቢ ካለ ኮመዲኖውን ከግድግዳው አርቁት። ጀርባው ብዙ ጊዜ በትናንሽ ሚስማር የተመታ ስስ የፋይዚት ወይም የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ነው። በአንድ በኩል ያሉትን ሚስማሮች በፒንሳ አንድ በአንድ ንቀሉና ሰሌዳውን ገለል አድርጉ። ከኋላ ሆናችሁ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት አስደግፋችሁ በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉት፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ። ይወጣል።

ፀጉር ማድረቂያ ቤት ካለ፣ ከላይ ባለው ባዶ ቀዳዳ በኩል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሙቀቱን እያዘዋወራችሁ መንፋት ይረዳል። ለመክፈቻ ያህል ነው፤ መፍትሔ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የከሰል ምድጃ አጠገቡ አድርጌ ላድርቀው አትበሉ። እንጨቱ በአንድ በኩል ብቻ ይደርቅና ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ይሄ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ፣ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ክረምት ላይ ደሴ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የተለመደ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የምለው።

ዕቃውን አውጡ፣ ቁጥር ጻፉ

መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጡና ከሥራቸው በጠመኔ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉ። በእጅ የተሠራ ኮመዲኖ መሳቢያዎቹ ሁሉም አንድ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አናጢው እያንዳንዱን በየቀዳዳው ልክ ነው ያስተካከለው። ተቀያይረው ከገቡ የሌለ ችግር ትፈጥራላችሁ። አንዳንዴም ችግሩ ራሱ ይሄው ነው፤ ቤት ሲቀየር ሠራተኞቹ አቀያይረው አስገብተውታል።

ባዶውን አስገብታችሁ ሞክሩት። ባዶውን በደንብ ከሄደ ጥፋቱ የጭነቱ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ይግባ፣ ያውም ሳይታጨቅ።

ወለሉን ጠርጥሩ

ደሴ ዳገት ናት። ቤቶቻችን ዳገት ላይ ናቸው፤ ወለላችንም ብዙ ጊዜ አንድ ጥግ ላይ ዝቅ ይላል። ኮመዲኖው አንድ እግሩ አየር ላይ ከሆነ ሙሉ አካሉ ይንጋደዳል፤ አራት ማዕዘን የነበረው ቀዳዳ ሰያፍ ይሆናል። መሳቢያው ግን አሁንም አራት ማዕዘን ነው። እንዴት ይግባ?

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ "ና እስቲ ይሄን ነገር ላግልኝ" ብለው ጠሩኝ። ሁለት አናጢ አይቶታል፤ ሁለቱም ይላግ ብለዋል። ቡናው እስኪፈላ ብዬ መዳፌን የኮመዲኖው አናት ላይ አድርጌ ተጫንኩት። ኳ አለ። በሌላው ጥግ ተጫንኩት፤ ኳ። የኋላ ግራ እግሩ መሬት አልነካም። የስኳር ካርቶን ቆርጬ አራት እጥፍ አጠፍኩና ሥሩ ሰደድኩት። ሦስቱም መሳቢያዎች ሄዱ። እትዬ አላመኑኝም፤ ሲከፍቱና ሲዘጉ ሁለተኛው ስኒ ቀዘቀዘባቸው። በኋላ ካርቶኑን በእንጨት ሽብልቅ ተካሁት፤ ካርቶን እርጥበት ሲነካው ይሟሽሻል።

በልክ ለማወቅ ውሃ ልክ ካላችሁ አናቱ ላይ አድርጉት፤ በረጅሙም በአጭሩም። ከሌላችሁ ዝርግ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ወዴት እንደሚያዘነብል እዩ። ቀጥሎ ሲባጎ ያዙ። ከቀዳዳው ላይኛ ግራ ጥግ እስከ ታችኛ ቀኝ ጥግ ለኩ፤ ከዚያ የሌላውን ሰያፍ ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ተንጋዷል። ሽብልቁን በየእግሩ እየሞከራችሁ እኩል እስኪሆኑ አስተካክሉ።

ሽብልቅ የማይፈታው መንጋደድ አለ፤ የጀርባው ሰሌዳ ሚስማሩ ለቆ ሲሆን። ኮመዲኖን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ስስ የጀርባ ሰሌዳ ነው። ሰያፎቹን እኩል አድርጋችሁ ጀርባውን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ እንደገና ምቱት። ሚስማሩ በድሮው ቀዳዳ አይግባ፤ ከጎኑ ይሁን።

የነከሰውን ቦታ በጠመኔ ፈልጉ

ወለሉም ጀርባውም ደህና ከሆነ ነው ወደ መሳቢያው የምንሄደው። ባለቀለም ጠመኔ ያዙ፤ ሰማያዊ ጥሩ ይታያል። የመሳቢያውን ሁለት ጎን፣ የላይኛውን ጠርዝና የታችኛውን ጠርዝ በሙሉ ቀቡት። በቀስታ አስገቡት፤ እስከሚይዝበት ድረስ ብቻ። አውጡት።

ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ እሱ ነው። ቀዳዳው ውስጥም በስልክ መብራት እዩ፤ ሰማያዊው የተለጠፈበት የተጋጨው ክፍል ነው። የቆየ ኮመዲኖ ከሆነ ጠመኔም አያስፈልግም። የሚፋጨው ቦታ አንጸባርቆና ጠቆር ብሎ ታገኙታላችሁ። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ከሌላው ይልቅ ልስልስ ይላል።

ምልክቱን በእርሳስ ክበቡት። ጠመኔውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

መጀመሪያ ሰም

ያገኛችሁት ምልክት በቀጭኑ የተዘረጋ ከሆነ፣ መሳቢያውም እየከበደው ግን የሚሄድ ከሆነ፣ ሰም ይበቃዋል።

ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠውን ጧፍ ነው የምመርጠው፤ እውነተኛ የንብ ሰም ከሆነ። አሽቱት፣ ማር ማር ይላል። ካልተገኘ ተራ ነጭ ሻማም ይሠራል። ሐዲዱን ከፊት እስከ ኋላ፣ የመሳቢያውን የታችኛ ጠርዝ፣ ከዚያ ምልክት ያደረጋችሁበትን ቦታ ጫን እያላችሁ ቀቡት። ነጭ መስመር እስኪታያችሁ ድረስ። ከዚያ መሳቢያውን አስገብታችሁ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ፍጭቱ ሰሙን ያሟሟዋል፣ ይገባል። ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

ዘይት አታድርጉ። ግራሶም አታድርጉ። ለአንድ ሳምንት ልብ ያሳርፋል፤ ከዚያ እንጨቱ ይጠጣዋል፣ አቧራ ይይዛል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ልብሳችሁም ይሸታል። ደረቅ ሳሙና የሚያሹ ሰዎች አሉ። በጋ ላይ ይሠራል፤ አልክድም። ግን ሳሙና ራሱ እርጥበት ይወዳል፤ ለደሴ ክረምት አልመክረውም።

ሰም ከመቀባታችሁ በፊት ግን ሐዲዱን በጣታችሁ ዳብሱ። የሚስማር አናት ብቅ ብሎ ከሆነ ሰም አይፈታውም። የሌላ ትልቅ ሚስማር አናት አስደግፋችሁ በመዶሻ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስጥሙት። ይቺ የሁለት ደቂቃ ሥራ ስንት መሳቢያ እንዳዳነች!

ሐዲዱ ካለቀ

ለዓመታት የተከፈተና የተዘጋ መሳቢያ ሐዲዱ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ምልክቱ መሳቢያው ወደ ታች ሰመጥ ማለቱ ነው፤ የግንባሩ ታች ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር ይፋጫል። ሰዎች ይሄን ሲያዩ ግንባሩን ይልጋሉ። ስህተት ነው፤ መሳቢያው አላደገም፣ ወርዷል።

ሐዲዱ በቪቴ የተያዘ ከሆነ ፈትታችሁ ገልብጡት፤ ያልተበላው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። በሚስማርና በኮላ ከሆነ በመሮ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁና አዲስ አሠሩ። አንድ እንጨት ቤት ጎራ ብላችሁ የአሮጌውን ልክ ብትሰጧቸው ከቁርጥራጭ ይሠሩላችኋል። ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ወይራ ከተገኘ ምን ትፈልጋላችሁ።

አዲሱን ስትገጥሙ በቪቴ ግጠሙት፤ አናቱ እንጨቱ ውስጥ የጠለቀ ይሁን። ከፊትና ከኋላ ያለውን ከፍታ ለኩ፤ እኩል መሆን አለበት። ከኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ መሳቢያው አፍንጫውን ሰቅሎ ከላይ ይነክሳል። ግራውና ቀኙም እኩል ይሁኑ።

ሐዲዱ ትንሽ ብቻ ከተበላ ደግሞ መንቀልም አያስፈልግ። ሁለት ትናንሽ ጠፍጣፋ ቁርጥራጭ ስስ እንጨት ከፊት በኩል በኮላ ለጥፉና መሳቢያውን ወደ ቦታው አንሱት።

የመሳቢያው ወለል ከተንዘላዘለ

መሳቢያውን ገልብጡና ከሥሩ እዩ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከባድ ነገር ሲጫንበት ሆዱ ይወርዳል። ሲወርድ ከሥሩ ያለውን መሳቢያ ዕቃ ይጫናል፣ ወይም መሃል ያለውን እንጨት ይፍቃል።

ከጀርባ በኩል የያዙትን ትናንሽ ሚስማሮች ንቀሉና ሰሌዳውን በቦዩ ወደ ኋላ ስባችሁ አውጡት። ካልተሰነጠቀ ገልብጡት፤ የጎበጠው ወደ ላይ ይሁን። በመሃሉ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ቀጭን ደጋፊ እንጨት ከሥሩ ለጥፉ። ከተሰነጠቀ ወይም ገጹ ከተላቀቀ አዲስ ይቆረጥ፤ ቦዩ የሚፈቅድ ከሆነ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ሳይሆን ጣውላ ከሆነ ቦዩ ውስጥ ኮላ አታድርጉ። እሱም ያብጣል፤ መንቀሳቀሻ ይፈልጋል።

መጋጠሚያው ከለቀቀ

መሳቢያውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ሰያፍ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ከጎን የሚይዘው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሌላ ሚስማር መጨመር አይደለም። ሚስማር በሚስማር ላይ ተመቶ ጥጉ የተፈረካከሰ መሳቢያ ብዙ አይቻለሁ።

የላላውን ጥግ በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ቀስ ብላችሁ አላቁት። የድሮውን ኮላ በቢላ ፍቁ፤ አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። ነጭ የእንጨት ኮላ በሁለቱም ፊት ቀቡና ግጠሙ። የሰያፉን ልክ በሲባጎ አረጋግጡ፤ እኩል ካልሆነ በረጅሙ በኩል ጫን በሉት። ሞርሳ (ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ከሌላችሁ ገመድ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አዙራችሁ እሰሩ፣ መሃሉ ላይ አጭር ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙት። ጠርዙን እንዳይበላው ከገመዱ ሥር ካርቶን አድርጉ። የተረፈውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ነጭ ኮላ ብርድ አይወድም። ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጨብጥም፤ የደሴ ሌሊት ደግሞ ከዚያ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ለጥፉ፤ ማታውን ሳሎን አሳድሩት። 24 ሰዓት ሳይሞላ አትፍቱት።

የብረት ሐዲድ

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። መሳቢያውን አውጡ፤ የሐዲዱ ጎማ ላይ የተጠቀለለውን ፀጉርና ክር በመርፌ ልቀሙ፤ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቪቴዎቹን በካቻቢቴ አጥብቁ። ቀዳዳው ሰፍቶ ቪቴው ዝም ብሎ ከዞረ፣ ሁለት ሦስት የክብሪት እንጨት ኮላ ነክራችሁ ወትፉት፣ ሲደርቅ በቢላ ቁረጡና ቪቴውን መልሱ። ብረቱ ከተጣመመ ጥንዱን ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ አይደለም። ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱ በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው የሚመጣው።

ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ውሃ ጠጥቶ ጠርዙ ካበጠ ደግሞ በጋ አይመልሰውም። ያበጠውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና ጠርዙን በቀለም ዝጉት።

አሁን መላጊያ

ወለሉ ልክ ነው። ሐዲዱ ደህና ነው። መጋጠሚያው ጥብቅ ነው። ሰም ተቀብቷል። አሁንም ከላይ ይይዛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ወሩ ምንድነው?

ሐምሌ ወይም ነሐሴ ከሆነ ጠብቁ። አውቃለሁ፤ የምትለብሱት እዚያ ውስጥ ነው። ልብሱን አውጡና መሳቢያውን ከኮመዲኖው ውጪ አየር የሚያገኝበት ቦታ በጎኑ አቁሙት። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሞክሩት። ብዙዎቹ በራሳቸው ይስተካከላሉ። ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፤ የቀትር ፀሐይ ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።

በጋ ላይም የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም በየዓመቱ ክረምት ጭራሽ አልከፈትም የሚል ከሆነ፣ ይላጋል። በጋ ላይ ስትልጉ ለክረምቱ እብጠት ቦታ ተዉ። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መሳቢያ ከላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ግድ ሆኖ ክረምት ላይ ከላጋችሁ ደግሞ ወረቀት የሚያስገባ ያህል ብቻ፤ ያበጠበት ልኩ እሱ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

የምትልጉት ምልክት ያደረጋችሁበትን ብቻ ነው። መስመር በእርሳስ አስምሩ። መሳቢያውን ጠረጴዛ ላይ በደንብ አስይዙት። የመላጊያው ስለት የተሳለ ይሁን፤ ምላጩ በጣም በትንሹ ይውጣ። ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስና ጥቅልል ካለ ልክ ናችሁ። ቆርጠም ቆርጠም እያለ ከወጣ ወይ ምላጩ በዝቷል፣ ወይ ከቃጫው በተቃራኒ እየሄዳችሁ ነው፤ አቅጣጫውን ቀይሩ።

ከጫፍ ወደ መሃል ላጉ። ከመሃል ተነስታችሁ በጫፉ ካለፋችሁ የግንባሩ ወይም የጀርባው ጥግ ተገንጥሎ ይሄዳል። ግንባሩ ጋ ስትደርሱ መላጊያውን አስቀምጡና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ፤ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። መጀመሪያ 80 ቁጥር፣ ከዚያ 120፣ መጨረሻ 180። ሦስት አራት ጊዜ ላጉ፣ አስገብታችሁ ሞክሩ። እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና ሦስት አራት ጊዜ። አሰልቺ ነው። እኔ 3 ሚሊ ሜትር ያጠፋሁት አንዴ ሰልችቶኝ ነው።

የተላገውን ዝጉ

አሁን የላጋችሁት ቦታ ባዶ እንጨት ነው፤ እርጥበት የሚገባው በእሱ ነው። የላይኛውን ጠርዝና የጎኖቹን ውጪ በስሱ አንድ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። ሐዲዱ ላይ የሚሄደውን የታችኛ ጠርዝ ተዉት፤ እሱ ሰም ነው የሚፈልገው። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ልብስ አታስገቡበት፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ቫርኒሽ እርጥበትን አያቆምም፤ ያዘገየዋል። የበልጉ ዝናብ መጥቶ ሲሄድ ይሄ መዘግየት በቂ ነው፤ ክረምቱንም ያለዝበዋል።

ኮመዲኖውንም ከውጪው ግድግዳ አራት አምስት ጣት ያህል አርቁት። ክረምት ላይ ግድግዳው ላብ ያወጣል፤ ኮመዲኖው ጀርባውን ከለጠፈበት ያን ሁሉ ይጠጣል።

ከልክ በላይ ለላጋ ሰው

ይሄ ለእኔ ቢጤዎች ነው። ከመሳቢያው ጋር ተመሳሳይ ከሆነ እንጨት ስስ ክፋይ አስቆርጡ፤ ወርዱ የጠርዙን ውፍረት ያህል፣ ውፍረቱ ካጠፋችሁት በ1 ሚሊ ሜትር የበለጠ። ቃጫው እንደ ጎኑ ጣውላ በርዝመቱ ይሂድ። የተላገውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ኮላ ቀቡ፣ ክፋዩን አሳርፉ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በወረቀት ፕላስተር ወጥራችሁ እሰሩ። በማግስቱ ትርፏን በብርጭቆ ወረቀት አውርዱ። ክፍተት ከቀረ ሰጋቱራ በኮላ ለውሳችሁ ሙሉት።

የእኔን ሦስተኛ መሳቢያ እንዲህ ነው ያዳንኩት፤ ጥር ላይ። ከጎን ሲታይ አናቱ ላይ ቀላ ያለች መስመር አለች፤ የተገኘው ቁርጥራጭ ዋንዛ ስለነበር ነው። ከሥሩ በእርሳስ "ጥር ላይ ተለጠፈ፣ ነሐሴ ላይ አትንካው" ብዬ ጽፌበታለሁ።